ግብሩ በየትኛው በር ይግባ?

(ይህ ጽሑፍ በሬዲዮ ዝግጅታችን ያቀረብነው ንግግር ሲሆን ለአንባቢያን በሚያመች መልኩ ተስተካክሎ ቀርቧል።)

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን! የዛሬው ርዕሳችን ከኪሳችን ጋር የተያያዘ ነው። ብዙዎቻችን ግብር የሚለውን ቃል ስንሰማ ፊታችንን እንቋጥራለን፤ እንዴት እንደሚሠራ ግን ቁጭ ብለን አንጠይቅም። ይህን ርዕስ እንድናነሣ ያደረገን ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ከዐስር ሶላት በኋላ የሰማነው ክርክር ነው።

አንድ መምህር የደመወዝ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ለጎረቤቶቹ አሳየ። «ወንድሞቼ፣ እስቲ ይህን እዩልኝ። ደመወዜ እጄ ሳይገባ ግብሩ ተቆርጦ ያልቃል። ነጋዴው ግን ራሱ ያወቀውን ያህል አስታውቆ ይከፍላል። የደመወዝ ግብር ጨርሶ ቀርቶ ሁሉም ሰው ዕቃ ሲገዛ ብቻ ቢከፍል አይሻልም?» አለ።

አጠገቡ የነበረው ባለሱቅ ሳቅ ብሎ «አቦ መምህር! አንተ ቀሎህ እኔ ላይ ልትጭነው ነው እንዴ? እኔ ደረሰኝ ስቆርጥ ደንበኛዬ ማዶ ደረሰኝ ከማይቆርጠው ዘንድ ይሄዳል» ሲል መለሰለት።

ከመንገዱ ዳር ሳምቡሳና ሻይ የሚሸጡ አንዲት እናት ሁለቱንም ሲያዳምጡ ቆይተው «ልጆቼ፣ እኔ ደመወዝም የለኝ፣ ሱቅም የለኝ። የእኔን የሳሙና ዋጋ የሚያስብልኝ ከሁለታችሁ ማነው?» አሉ።

ሱብሃነላህ! መንግሥታትና የምጣኔ ሀብት ምሁራን ለብዙ ዓመታት የተከራከሩበት ጉዳይ በእነዚህ ሦስት ሰዎች አፍ ውስጥ ነበር። እኛም የሦስቱንም ጥያቄ በየተራ ለማብራራት እንሞክራለን።

ሁለቱ በሮች

ገንዘብ ወደ ቤታችን ሲመጣ በአንድ በር ይገባል፣ በሌላ በር ይወጣል። መንግሥት በመግቢያው በር ላይ ቆሞ ድርሻውን ሲወስድ የገቢ ግብር ይባላል። የደመወዝ ግብር፣ የነጋዴ የትርፍ ግብር፣ የቤት ኪራይ ግብር ሁሉ የዚህ ወገን ናቸው። በመውጫው በር ላይ ቆሞ ስንገዛ ሲወስድ ደግሞ የፍጆታ ወይም የሽያጭ ታክስ ይባላል። እኛ ሀገር በብዛት የምናውቀው ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በሰዉ አነጋገር «ቫት» የሚባለው፣ የዚህኛው ወገን ነው።

የመግቢያው በር አንድ መልካም ጠባይ አለው። የሚገባውን መጠን አይቶ ድርሻውን ሊወስን ይችላል፤ ብዙ ከሚያገኘው ብዙ፣ ጥቂት ከሚያገኘው ጥቂት፣ ምንም ከሌለው ምንም። የመውጫው በር ግን ገዢው ማን እንደሆነ አያይም። አንድ ሳሙና ሚሊየነሩ ቢገዛው፣ ሳምቡሳ ሻጯ እናታችን ቢገዙት፣ በሳሙናው ላይ ያለው ታክስ አንድ ነው።

በአንጻሩ የመውጫው በርም የራሱ መልካም ጠባይ አለው። ገቢውን የደበቀ ሰው ወጪውን መደበቅ ይከብደዋል። ትርፉን ያላስታወቀ ነጋዴ መኪና ሲገዛ፣ ሆቴል ሲጋብዝ፣ ቤቱን ሲያሳምር ታክሱ ያገኘዋል። የመምህሩ ሐሳብ ከባዶ የመነጨ አይደለም የምንለው ለዚህ ነው።

ሀገራችን የመጣችበት መንገድ

በሀገራችን ግብር የሚገባበት በር ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ገበሬው ከምርቱ ዐሥራት፣ ማለትም ከዐሥር አንድ፣ ይከፍል ነበር። ይህ ዐሥራት በ1960 ዓ.ም. ቀርቶ በእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ተተካ። ከጥሬ ምርት ወደ ገቢ መሄዱ ነበር።

በገበያ በኩል ደግሞ በ1985 ዓ.ም. የወጣው የሽያጭ ታክስ አዋጅ ቁጥር 68/1985 ለአሥር ዓመት ያህል ሠራ። ከዚያም በአዋጅ ቁጥር 285/1994 ተጨማሪ እሴት ታክስ መጣና በ1995 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። መጠኑ ከመቶ 15 ነው። በዚያን ጊዜ ለመመዝገብ የሚገደደው የዓመት ሽያጩ ከ500,000 ብር በላይ የሆነ ነጋዴ ነበር። ከዚያ በታች ላለው ተርን ኦቨር ታክስ ተደነገገለት፤ ሀገር ውስጥ በሚሸጥ ዕቃ ላይ ከመቶ 2፣ በአብዛኛው አገልግሎት ላይ ደግሞ ከመቶ 10።

እዚህ ላይ ልብ ልንል የሚገባን ነገር አለ። ቫት ሲመጣ የተካው የቀድሞውን የሽያጭ ታክስ እንጂ የገቢ ግብርን አልነበረም። በዚያው በ1994 ዓ.ም. አዲስ የገቢ ግብር አዋጅም (ቁጥር 286/1994) ወጥቷል። ስለዚህ ሀገራችን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በሁለቱም በሮች ላይ ቆማለች። መምህሩ ደመወዙን ሲቀበል አንድ ጊዜ፣ በቀረው ገንዘብ ሲገዛ ሁለተኛ ጊዜ ይከፍላል። ምሬቱም ከዚህ ይመነጫል።

የመምህሩ እውነት

የመምህሩን ቅሬታ ቁጥሮችም ይደግፉታል። በ1994 ዓ.ም. አዋጅ ከደመወዝ ውስጥ ግብር የማይነካው በወር 150 ብር ነበር። ከ5,000 ብር በላይ ያለው ክፍል ከመቶ 35 ይከፈልበት ነበር። በ2008 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 979/2008 ነጻው መጠን 600 ብር፣ የመጨረሻው መደብ መነሻ ደግሞ 10,900 ብር ሆነ። ከዚያ በኋላ ለዘጠኝ ዓመት ያህል ሳይነካ ቆየ።

በእነዚያ ዓመታት የሽንኩርቱ፣ የዘይቱ፣ የቤት ኪራዩ ዋጋ ምን ያህል እንደጨመረ ለድሬዳዋ ሰው መንገር አያስፈልግም። ደመወዝ በኑሮ ውድነት ምክንያት ጥቂት ከፍ ባለ ቁጥር ሠራተኛው ወደ ከፍተኛው የግብር መደብ ይገፋል። የሚገዛው እህል ሳይጨምር የሚከፍለው ግብር ይጨምራል ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ነጻውን መጠን ወደ 2,000 ብር አሳደገው። ለዝቅተኛው ደመወዝተኛ እፎይታ ነው፤ አልሐምዱሊላህ። የ35 ከመቶ መነሻ ግን ከ10,900 ወደ 14,000 ብር ብቻ ነው ከፍ ያለው። ነጻው መጠን ከሦስት እጥፍ በላይ ሲያድግ የላይኛው መነሻ የጨመረው ከመቶ 30 እንኳ አይሞላም።

በሌላ በኩል የነጋዴው ገቢ በመዝገብ ሳይሆን በግምት የሚታወቅበት ጊዜ አለ። በ2009 ዓ.ም. ክረምት በብዙ ከተሞች በትንንሽ ነጋዴዎች ላይ የቀን ገቢ ግምት በወጣ ጊዜ የተሰማውን ቅሬታ የምናስታውስ ብዙ ነን። መዝገብ በሌለበት የመግቢያው በር ጨለማ ነው። አንዱ ከአቅሙ በላይ ይገመትበታል፣ ሌላው ከአቅሙ በታች ያመልጣል። ደመወዝተኛው ግን ወረቀቱ አሠሪው ዘንድ ስለሆነ ማምለጫ የለውም። በመግቢያው በር ላይ በሙሉ ብርሃን የሚታየው እሱ ብቻ ነው።

የሳምቡሳ ሻጯ እናት ሒሳብ

«እንግዲያውስ የመግቢያውን በር ዘግተን በመውጫው ብቻ እንሰብስብ» ቢባልስ? ነገሩን በምሳሌ እናስላው። ከዚህ በታች ያለው የእኛ ምሳሌ ነው፤ የመንግሥት ዕቅድ አይደለም። የጡረታ መዋጮውንም ለጊዜው እንተወው።

የደመወዝ ግብር ቀርቶ፣ ታክሱ ከመቶ 15 ወደ ከመቶ 30 ከፍ ብሎ፣ ያለ ምንም ልዩነት በሚገዛ ነገር ሁሉ ላይ ተጣለ እንበል። የ100 ብር ዕቃ 130 ብር ይሆናል።

አንደኛ፣ መምህሩ። የወር ደመወዙ 10,000 ብር ነው እንበል። በ2017ቱ አዋጅ የሚቆረጥበት ግብር 1,650 ብር ሲሆን 8,350 ብር ይቀረዋል። ከዚህ ውስጥ በ3,450 ብር ቫት ያለባቸውን ዕቃዎች ቢገዛ በውስጡ 450 ብር ቫት አለ። በጠቅላላ 2,100 ብር ከፍሏል። በአዲሱ ምሳሌያችን ደግሞ 10,000 ብሩን በሙሉ ይቀበላል፤ ልጆች ያሉት ሰው ነውና ሁሉንም ያወጣዋል። በውስጡ ያለው ታክስ 2,307 ብር ገደማ ይሆናል። ደመወዙ ሙሉ ሆኖ ስለታየው ደስ ይለው ይሆናል፤ ወሩ ሲያልቅ ግን ካለፈው 200 ብር ያህል የበለጠ ከፍሏል።

ሁለተኛ፣ የወር ደመወዙ 60,000 ብር የሆነ የሥራ ኃላፊ። አሁን የሚቆረጥበት ግብር 18,950 ብር ነው። በ23,000 ብር ቫት ያለባቸውን ነገሮች ቢገዛ 3,000 ብር ይጨመራል፤ በድምሩ 21,950 ብር። በአዲሱ ምሳሌ 60,000 ብሩን ተቀብሎ ግማሹን፣ 30,000 ብሩን፣ ያወጣል፤ የቀረውን ያስቀምጣል። ታክሱ 6,923 ብር ገደማ ነው። ወደ 15,000 ብር ቀለለለት።

ሦስተኛ፣ እናታችን። በወር 2,000 ብር ያገኛሉ እንበል። አሁን የገቢ ግብር አይነካቸውም። ሽንኩርትና ቃሪያውን የሚገዙት ከጉሊት፣ ቫት ካልተመዘገበ ሻጭ ስለሆነ በቀጥታ የሚጠየቁት ቫትም ጥቂት ነው። በአዲሱ ምሳሌ ግን 2,000 ብራቸውን በሙሉ ለምግብና ለሳሙና ስለሚያወጡ 461 ብር ያህሉ ታክስ ይሆናል። ከገቢያቸው ሩብ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማለት ነው።

እንግዲህ ከኃላፊው ትከሻ የወረደው ሸክም የት እንደሄደ አያችሁ። መምህሩ ቀላል የመሰለውን መንገድ ሲመኝ ያላያቸው ሰው ቢኖር ከመንገዱ ዳር የተቀመጡት እናት ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ድሃ ያገኘውን ሁሉ ያወጣል፤ ሀብታም ያገኘውን ሁሉ ማውጣት አያስፈልገውም። በመውጫው በር ላይ ብቻ የቆመ ግብር ድሃውን በሙሉ ገንዘቡ፣ ሀብታሙን ግን በከፊሉ ብቻ ያገኘዋል።

ዋጋ ሲወደድ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ታክሱ በመቶኛ የሚሰላ ነውና 100 ብር የነበረ ዕቃ 200 ብር ሲገባ ቫቱም ከ15 ወደ 30 ብር ይወጣል። አዲስ አዋጅ አላስፈለገውም፤ የገበያው ውድነት ብቻውን ያሳድገዋል።

የዐረብ ሀገሩ ምሳሌ

«ሳዑዲ ዐረቢያስ? እዚያ ደመወዝ ላይ ግብር የለም ይባላል» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ከድሬዳዋ ብዙ ቤት ጂዳና ሪያድ ዘመድ አለውና ይህን ማየቱ ይጠቅመናል።

እውነት ነው፤ በሳዑዲ ዐረቢያ ከግለሰብ ደመወዝ ላይ የገቢ ግብር አይቆረጥም። ሳዑዲና የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 ከመቶ 5 ቫት ጀመሩ። ሳዑዲ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2020፣ በኮሮና ወረርሽኝና በነዳጅ ዋጋ መውረድ ሰሞን፣ በአንድ ጊዜ ወደ ከመቶ 15 አሳደገችው። ለእኛ መምህር ይህ የሕልሙ ሀገር ሊመስለው ይችላል።

ሆኖም ሁለት ነገሮችን እንመልከት። አንደኛ፣ እነዚህ ሀገሮች የደመወዝ ግብርን መተው የቻሉት የቫቱ ገንዘብ ስለበቃቸው ሳይሆን ነዳጅ ስላላቸው ነው። ጎረቤታቸው ኦማን እንኳ እ.ኤ.አ. በ2021 ቫት ከጀመረች በኋላ፣ ከ2028 ጀምሮ ከፍተኛ ገቢ ባላቸው ግለሰቦች ላይ ከመቶ 5 የገቢ ግብር ለመጣል በ2025 ሕግ አውጥታለች። ከመውጫው በር ወደ መግቢያው በር እየተመለሰች ነው።

ሁለተኛ፣ ሳዑዲ ቫቱን ከመጀመሯ በፊት፣ በ2017 መጨረሻ፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው ዜጎቿ በየወሩ በሒሳባቸው የሚገባ ድጎማ ጀምራ ነበር። በገበያ የወሰደችውን በባንክ በኩል በከፊል ትመልስላቸዋለች ማለት ነው። ነገር ግን ድጎማው ለዜጋው ነው። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው እህታችን ሳሙናና ካርድ ስትገዛ 15 ከመቶውን ትከፍላለች፤ የሚመለስላት ግን የለም። የፍጆታ ታክስ የማን ሸክም እንደሚሆን የሚወሰነው በሚሰበሰበው ብቻ ሳይሆን ለማን በሚመለሰውም ጭምር ነው።

በአሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የገቢ ግብርን አስቀርቶ በአንድ ብሔራዊ የሽያጭ ታክስ የሚተካ ረቂቅ ሕግ ለምክር ቤቱ በተደጋጋሚ ቀርቧል። አቅራቢዎቹ መጠኑን ከመቶ 23 ይሉታል፤ እኛ እንደለመድነው በዕቃው ዋጋ ላይ ተጨምሮ ሲሰላ ግን ከመቶ 30 ይሆናል። እነሱም የድሃውን ችግር ስላወቁ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ በየወሩ አስቀድሞ የሚከፈል ተመላሽ በረቂቁ ውስጥ አስገብተዋል። ረቂቁ እስካሁን ሕግ አልሆነም። እዚህ ላይ የምንማረው፣ የሐሳቡ ደጋፊዎች እንኳ ያለ ተመላሽ ፍትሕ እንደማይኖረው ማመናቸውን ነው። ተመላሽ ለመክፈል ደግሞ እያንዳንዱን ቤተሰብ የሚያውቅ መዝገብና ገንዘቡን የሚያደርስ ባንክ ያስፈልጋል። መንገድ ዳር ለተቀመጡት እናታችን ይህ ሁሉ በወቅቱ ይደርሳቸዋል ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የባለሱቁ እውነት

አሁን ወደ ባለሱቁ እንመለስ። ቫት እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ካርቶን ሳሙና እንየው። አስመጪው ካርቶኑን ለባለሱቁ በ1,000 ብር ይሸጣል፤ 150 ብር ቫት ጨምሮ 1,150 ብር ይቀበላል። ባለሱቁ ትርፉን ጨምሮ በ1,200 ብር ሲሸጠው 180 ብር ቫት ይጨምራል፤ ገዢው 1,380 ብር ይከፍላል። ባለሱቁ ለመንግሥት የሚያስገባው 180 ብሩን በሙሉ አይደለም። አስቀድሞ የከፈለውን 150 ብር ቀንሶ 30 ብር ያስገባል። የቀድሞው 150 ብር በአስመጪው በኩል ገብቷል። ባለሱቁ ከራሱ ኪስ ምንም አልከፈለም፤ የመጨረሻው ገዢ ነው ሁሉንም የከፈለው።

ቫት በየደረጃው ስለሚሰበሰብ በመጨረሻው ሱቅ ደረሰኝ ባይቆረጥ እንኳ የቀደመው ገብቷል። በመጨረሻው ሱቅ ብቻ የሚሰበሰብ የሽያጭ ታክስ ግን እዚያ ደረሰኝ ካልተቆረጠ ሁሉም ይጠፋል። የደመወዝ ግብር ቀርቶ የሀገር ወጪ በሙሉ በዚህች አንዲት ወረቀት ላይ ቢንጠለጠል ምን እንደሚሆን አስቡት።

ድሬዳዋ ደግሞ የንግድ ከተማ ናት። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ ከደረሰ ጀምሮ ዕቃ ሲገባባትና ሲወጣባት ኖራለች። ከሕጋዊው ዕቃ ጎን ለጎን የኮንትሮባንድ ዕቃ እንደሚገባም ሁላችን እናውቃለን። ኮንትሮባንዱ ቀረጥም ቫትም አልከፈለም። ደረሰኝ የሚቆርጠው ባለሱቅ ያንኑ ዓይነት ዕቃ በ1,380 ሲሸጥ፣ ማዶ ያለው በ1,200 ወይም ከዚያ ባነሰ ይሸጠዋል። ታክሱ ከመቶ 30 ቢሆን ልዩነቱ ይሰፋል፤ ሕግ አክባሪው ሱቁን ይዘጋል፣ ሕግ የጣሰው ያብባል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ደንብ (ቁጥር 139/1999) ካሽ ሬጅስተሩን ግዴታ ያደረገው ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ነበር። ነገር ግን መሣሪያ ያለው ሁሉ ሁልጊዜ አይጫነውም። እኛም ገዢዎቹ «ያለ ደረሰኝ ስንት ነው?» ብለን የምንጠይቅበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

እዚህ ላይ ለነጋዴ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን አንድ ቃል አለን። ከገዢ ቫት ብላችሁ የተቀበላችሁት ገንዘብ የእናንተ አይደለም፤ አማና ነው። ገዢው ለሆስፒታል፣ ለመንገድ፣ ለትምህርት ቤት ብሎ በእናንተ እጅ የላከው ነው። ቫቱን ተቀብሎ ደረሰኙን መከልከል፣ ቫቱንም ኪስ ማስገባት አማናን መብላት ነው። በቁርኣን ውስጥ ከሁሉም የሚረዝመው አንቀጽ፣ በሱረቱል በቀራ የሚገኘው፣ ስለ ዕዳና ውል መጻፍ የሚናገር መሆኑን እናስታውስ። ገንዘብ ነክ ጉዳይን መጻፍ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

ሦስተኛው በር

ስለ ሁለት በሮች ተናገርን። ሙስሊሞች ግን አንድ ሦስተኛ በርም እናውቃለን፤ የጎተራው በር ነው። ዘካ በገንዘብ ላይ የሚወጣው ገንዘቡ በገባበት ቀን አይደለም፣ በሚወጣበትም ቀን አይደለም። ከሚያስፈልገን አልፎ፣ ኒሷቡን ሞልቶ (85 ግራም ወርቅ ወይም ግምቱ)፣ ሙሉ ዓመት በቆየው ላይ ከመቶ 2.5 ይወጣል። በእህል ላይ ደግሞ በዝናብ ከበቀለው ከዐሥር አንድ፣ ደክመው በመስኖ ካጠጡት ከሃያ አንድ ነው። ድካም ሲበዛ ድርሻው ይቀንሳል። የሚሰጠውም በሱረቱ ተውባ ለተዘረዘሩት ስምንት ወገኖች ነው።

ይህን የምናነሣው ዘካ የመንግሥትን ግብር ይተካል ለማለት አይደለም። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ ግብር የከፈለ ከዘካ ነጻ አልወጣም፣ ዘካ ያወጣም ከግብር ነጻ አልወጣም። እንደ ኢማም አል-ገዛሊና አሽ-ሻጢቢ ያሉ ሊቃውንት ግምጃ ቤት ባዶ ሆኖ እውነተኛ የሕዝብ ጉዳይ ሲገጥም ባለሀብቶች ላይ ተጨማሪ ክፍያ መጣል እንደሚቻል ሲናገሩ ችግሩ እውነተኛ እንዲሆንና ክፍፍሉ በፍትሕ እንዲሆን አሳስበዋል። የሃሩን አር-ረሺድ ቃዲ የነበሩት አቡ ዩሱፍም የመሬት ግብር ምርቱ ምንም ይሁን ምን በቁርጥ ከሚሆን ይልቅ ከምርቱ ድርሻ ቢሆን ይሻላል ብለው መክረዋል። ምርት ሲቀንስ ግብሩም አብሮ እንዲቀንስ ነው።

በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የሚታየው ሚዛን አንድ ነው። ሸክም ከአቅም ጋር ይሂድ። ዘካ ከሚያስፈልገን በተረፈው ላይ ያርፋል። የሽያጭ ታክስ ግን ካልተጠነቀቁለት በራሱ በሚያስፈልገን ነገር ላይ፣ በዳቦውና በሳሙናው ላይ፣ ያርፋል። የሁለቱ ልዩነት ይህ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል?

የሀገራችንን የቅርብ ጊዜ አካሄድ ስናይ አንዱን በር ዘግታ ሌላውን ብቻ አልከፈተችም፤ ሁለቱንም ነክታለች። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ (ቁጥር 1341/2016) ቀድሞ ከቫት ነጻ የነበሩ አንዳንድ ነገሮችን ወደ ታክሱ አስገባ። ለምሳሌ በ1994ቱ አዋጅ መብራትና ውሃ ነጻ ነበሩ። በአዲሱ ከተወሰነ የቤት ፍጆታ በላይ የሆነው ይታከሳል፤ ለአነስተኛ ተጠቃሚ የሚበቃው ግን ነጻ ሆኖ ቀርቷል። ለድሬዳዋ የሚሆነው ውሃ ከሚቀዳባቸው ጉድጓዶች አጠገብ ለሚኖረው የሳቢያን ሰው ይህ በየወሩ የሚያየው ቁጥር ነው። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ፣ ቀደም ብለን እንዳልነው፣ ከደመወዝ ነጻ የሆነው መጠን ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። ከመግቢያው በር ጥቂት ተነሣ፣ ወደ መውጫው በር ጥቂት ተጨመረ።

ስለዚህ ለመምህሩ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ወንድማችን፣ ቅሬታህ ትክክል ነው፤ መድኃኒቱ ግን ግብሩን ከአንተ ትከሻ አንሥቶ በእናታችን ትከሻ ላይ ማድረግ አይደለም። የምትጠይቀው የደመወዝ መደቦቹ ከኑሮ ውድነት ጋር በየጊዜው እንዲስተካከሉ፣ ዘጠኝ ዓመት እንዳይጠበቅ፣ ገቢውን የሚደብቀውም እንደ አንተ በብርሃን እንዲታይ ነው።

ባለሱቅ ወንድማችን ሆይ፣ አንተም ትክክል ነህ። አንተን ብቻ አስገድዶ ማዶውን የሚተው ሕግ ፍትሕ የለውም። ይሁን እንጂ የማዶው ጥፋት የአንተን አማና አያነሣልህም።

እናታችንም ትክክል ነዎት። ወደፊት «የደመወዝ ግብር ይቅር፣ ሁሉም በገበያ ይሁን» የሚል ሐሳብ በሰማን ጊዜ ሦስት ነገሮችን እንጠይቅ። ዳቦው፣ መድኃኒቱና ውሃው ነጻ ሆነው ይቀራሉ ወይ? ከድሃው የተወሰደው የሚመለስለት በምን መንገድ ነው? ደረሰኙስ በሁሉም ሱቅ ይቆረጣል ወይ? ሦስቱም መልስ ካላገኙ ሐሳቡ ለደመወዝተኛው ቀላል ቢመስልም የእርስዎን የሳሙና ዋጋ አላሰበበትም።

ውድ አድማጮቻችን! ከእኛ የሚጠበቀው በእጃችን ካለው ይጀምራል። ስንገዛ ደረሰኝ እንጠይቅ፣ ስንሸጥ ደረሰኝ እንቁረጥ፣ ስንከራከርም ከመንገዱ ዳር የተቀመጠውን ሰው አንርሳ። አላህ ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን፣ በገበያችን ላይ በረካን ያውርድልን፤ አሚን። ኢንሻአላህ በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ፣

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።